በጸበሉ የተሰማው ላቲን

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 2000 ዓ.ም.

ውድ ናሁሰናይ፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። አጠገብህ ሰው ካለ ደግሞ አትሽሸው፤ ብቻህን ባታነበው ይሻላል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ስሜነህ ነው፤ ያ አንተ ዘንድ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመው የሽንዲው ልጅ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ገና ከፖስታው ላይ አውቀሃል። አዎ፣ እኔው ነኝ፣ አምለሰት። አልሞትኩም። እናትህም አልሞቱም። ጥቅምት ላይ መተማ ተቀምጠህ ያለቀስክልን ለቅሶ፣ ኅዳር ላይ ያወጣኸው አርባ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠኸው ስማችን፣ ሁሉም በሕይወት ላለን ሰዎች የተደረገ ነው።

የሞተ ሰውም እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል ብለህ መጠርጠርህ አይቀርም። አንተ ሁሌም ነገር ታበዛለህ። ግን የሞተ ሰው አይቆጣም፤ እኔ ደግሞ ተቆጥቻለሁ። ሽማግሌ ልኮ ያጫትን ሴት ሳያጣራ በለቅሶ የሚሸኝ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁጣዬን ግን ላቆየው፤ ምክንያቱም ነገሩን የጀመርነው እኛ ነን። ከሥሩ ልንገርህ። የምጽፍልህም ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ እናትህ እየደከሙ ነው፤ ሰው እያለቀሰባቸው እንደማይድኑ ደግሞ ራሳቸው ነግረውኛል።

ከምርጫው ማግሥት በነበረው ግርግር አንድ ካድሬ ስምህን ሲያነሣ ማንንም ሳትሰናበት የሄድክ ጊዜ ክፍሎችህን ለእኔ ሰጡኝ። ገና የገባሁ ዕለት ልጆቹ ወደ ሰሌዳው ጥግ እያዩ «የቲቸር ናሁን ቃል አትጽፊልንም?» አሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ የምትጽፋቸውን የላቲን ቃላት ማለታቸው ነበር። እንግሊዝኛ አፉን የፈታው በሰው ገንዘብ ነው፣ ግማሹ ቃሉ ባለቤቶቹ ያለቁበት ነው ትላቸው ነበር አሉ። እኔም ቀጠልኩበት። ምን ላድርግ፣ አንተ ባትኖር ወሬህ ይኑር ብዬ ነው።

ኳስ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ «አርሰናል ቨርሰስ ቼልሲ» ተብሎ ተጽፎ ስታይ ባለቤቱን «ቨርሰስ የማን ቋንቋ ነው?» ብለኸው «የፕሪሚየር ሊግ» ያለህን አስታውሳለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ «አጀንዳችን»፣ «ኮረም ሞልቷል»፣ «ፐርዲየም አልተለቀቀም» ባለ ቁጥር በክርንህ እየጎሸምከኝ፣ «ሰውየው ሳያውቀው የሮም ቄስ ሆኗል» ትለኝ ነበር። አነባበብህም ለብቻው ነበር። ባሕር ዳር ስትማር ካስተማረህ ሽማግሌ ፈረንጅ የወረስከው ነው። እንግሊዞቹ «አሊባይ» ይላሉ፤ አንተ ግን ባለቤቶቹ ይሉት የነበረው «አሊቢ» ነው ብለህ ሙጭጭ አልክ። ተማሪዎቹ በፈተና እንዳይጎዱ በእንግሊዞቹ መንገድ ያዙት። በአንተ መንገድ የሚጠራው ሰው ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ውስጥ አልሰማሁም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ ቅዳሴውን ሳይገባው በግዕዝ የሚመልስ ምእመንና ላቲኑን ሳይገባው በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አንድ ናቸው አልከኝ። ቀጥለህም፣ «የሞተ ቋንቋ ስትናገሪ ከወዲያ ማዶ የሚሰማሽ አይጠፋም» ብለህ ሳቅህ። ያን ጊዜ እኔም ስቄ ነበር።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ፣ «መምህሩ ቋራ በረሃ ላይ በወባ ሞተ» የሚል ወሬ ቡሬ ገበያ ገባ። ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወሬ ደግሞ ታውቃለህ፣ እግር የለውም ግን ከባለ እግር ይቀድማል። አጎትህ ጋሽ ይርሳው ሰሙና እህል አልቀምስ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንተን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ። እንቅልፍ የነሣቸው መሞትህ ብቻ ሳይሆን ሳይለቀስልህ መቅረትህ ነው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስከትለው እናትህ ደጅ ቆሙ። እናትህ ገና ሲያዩዋቸው ገባቸው።

«ምነው በማለዳ? ደኅናም አይደላችሁ?» አሉ።

«እታለም፣ ልጁ...» ብለው ጋሽ ይርሳው ጀመሩ።

«ልጁ ምን ሆነ?»

«በረሃ ቀረ ይላሉ።»

«የቀበረው ማነው?»

ጋሽ ይርሳው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። እናትህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እንግዲያስ እናንተ አልቅሱ፤ እኔ በቆሎዬን ዝንጀሮ እየጨረሰብኝ ነው» አሉና ወንጭፋቸውን ይዘው ወረዱ።

ለቅሶው መስከረም ላይ ተደረገ። የአጥቢያው ካህናት ሬሳውን ያየ ምስክር እስኪመጣ ድረስ ፍትሐት አናደርስም ብለው እምቢ አሉ፤ ለቅሶ ግን ማንም አይከለክልም። ድንኳኑ ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ተተከለ። እንደምታውቀው ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ ይዘረጋል፣ ፎቶው ይያዛል። ኮትህ ተገኘ። ፎቶ ግን አንተ ብቻህን የተነሣኸው የለም። ግድግዳው ላይ የነበረው፣ ወላጆቼ እሺ ያሉ ሰሞን ፎቶ ቤት ገብተን ለሦስት የተነሣነው ብቻ ነው። አንተ መሐል፣ እናትህ በቀኝ፣ እኔ በግራ። አንዷ አስለቃሽ አንተን ብቻ በመቀስ እናውጣው ብላ ነበር። ጋሽ ይርሳው ተቆጧት። «የቆመ ሰው በመቀስ አይቆረጥም፤ ሟርት ነው» አሉ። ስለዚህ ሦስታችንንም አንድ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው አለቀሱ። ለእናትህና ለእኔ አዝነው ያደረጉት ነው። የመጣብን ሁሉ የመጣው በዚያ ነው።

እኔ ያን ቀን ከእናትህ ጋር በቆሎው መሐል ማማው ላይ ነበርኩ። ጩኸቱ ወደ እኛ ሲመጣ እናትህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዝንጀሮ ያባርራሉ፤ ዝንጀሮ ግን አልነበረም። ዕንባ አላየሁባቸውም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሳቸው እንዳያዩኝ ፊቴን አዙሬ። በዚያው ሰዓት አንድ አይሱዙ ለሰሊጥ ወደ መተማ የሚወርዱ ሠራተኞችን ጭኖ ከሽንዲ በኩል መጣ። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ዝግ አለ፣ ላይ የተጫኑት ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ አለፉ። ይህን ሁሉ ከማማው ላይ ቁልጭ አድርጌ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደተጫነ ግን አላወቅሁም።

ጥቅምት እንደገባ እናትህ ታመሙ። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይበርዳቸዋል። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ «አምለሰት፣ ሰው እያለቀሰልኝ ነው» አሉኝ።

«ማን ያለቅስልዎታል? ደኅና አይደሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ይሰማኛል ልጀ። እዚህ፣ ከጡቴ ሥር። ሰው ሲያለቅስልሽ ሆድሽ ላላ ይላል፤ ከቤትሽ የሚያወጣሽ ይመስልሻል።»

የእሳቸውን በእርጅና አመካኘሁ። የራሴን በምን እንደማመካኝ ግን ጠፋኝ። መምህራን ማረፊያ ሻይ ሲቀዳ እኔን ዘለሉኝ። ረስተው ነው ብዬ ተውኩት። በማግሥቱም ዘለሉኝ። ብርጭቆዬን ብድግ አድርጌ «እኔስ?» ስላቸው ሁሉም ደንግጠው አዩኝና፣ «ውይ፣ መቼ ገባሽ?» አሉኝ። ከእነሱ ቀድሜ ነው የገባሁት። ገበያ ላይ የማውቃት ሴት ሰላም ስላት በአጠገቤ አለፈች፤ ተመልሳ ስትመጣ ነጠላዋን ያዝ አደረግኋት፣ ያን ጊዜ አየችኝ። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ድምፄ ኋላ ያሉት ጋ አይደርስም። ፈራሁ፣ ናሁሰናይ። ለማንም ያልተናገርኩት ሰው ሲስቅብኝ ፍርሃቴ የሚብስ ስለመሰለኝ ነው።

እናትህን ከፈጠም ወንዝ በላይ ወዳለው የሚካኤል ጸበል ወሰዷቸው። ውሎ ሳያድር መምሬ እጅጉ መልእክተኛ ላኩብኝ። አጥማቂው እሳቸው ናቸው። መልእክቱ ምን እንደሚል ልንገርህ፦ «በሴትዮዋ ላይ ያለው መንፈስ የባሕር ማዶ ቋንቋ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መጥታ ታስተርጉምልን።» መጀመሪያ ሳቅሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ለጋኔን አስተርጓሚ ለመሆን ነው እንዴ አልኩ። ከዚያ ምን ምን ብሎ ተናገረ ብዬ መልእክተኛውን ጠየቅሁት። «አሊቢ የሚል አለበት» አለኝ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

የሄድኩት ለኅዳር ሚካኤል ነው። ጠዋት ነበር፤ ጭጋጉ ከወንዙ ገና አልተነሣም። ጋሽ ይርሳው ከእኔ ቀድመው መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ለምን እንደመጡ ገባኝ። ካህናቱ የጠየቁት ምስክር አልተገኘም፤ መንፈሱ ራሱ «ሞቻለሁ» ቢልላቸው ፍትሐቱ ተደርሶ ያርፋሉ። ሟች ነው ተብሎ ፍትሐት ከተደረሰልህ ደግሞ ስምህ ከሙታን ጋር ይጠራል፤ እናትህም ልጅ የሌላቸው ይሆናሉ፤ እኔም ቀለበቴን አወልቃለሁ። ያን ቀን ይህ ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ነበር።

እናትህ ነጭ ለብሰው ከጸበሉ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን የሚያዩት እኛን አይደለም። መምሬ እጅጉ ውሃውን በመስቀል ባርከው ከራሳቸው ላይ አፈሰሱና ሁሌም የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«ማን ነህ?»

«አልተር ኤጎ።»

ድምፁ የእናትህ ነው፤ አልተለወጠም። አነባበቡ ግን የአንተ ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ መምሬ።

«ሌላው እኔ ነኝ ይላል።»

«የማን ሌላ? ደግሞስ ምነው አማርኛችንን ናቀ? የተማረ ነው መሰል።» ሰዎች ትንሽ ሳቁ። መምሬ ቀጠሉ። «የት ያዝካት?»

«አሊቢ።»

«ሌላ ቦታ ማለት ነው» አልኩ። አንተ እንግሊዞች ፍርድ ቤት የወሰዱትን፣ «ወንጀሉ ሲፈጸም ሌላ ቦታ ነበርኩ» ለማለት የሚጠቀሙበትን ቃል፣ መጀመሪያ ትርጉሙ ባዶውን «ሌላ ቦታ» ብቻ እንደነበር ነግረኸኛል።

«መቼ ትለቃለህ?»

«ሲኔ ዲዬ።»

ይህን አላውቀውም ነበር። አላውቀውም አልኳቸው። ጋሽ ይርሳው በጎን አዩኝ፤ የደበቅሁባቸው መስሏቸዋል። ከዚያ መታገሥ አቅቷቸው ወደ እናትህ ቀረቡ። ሽማግሌው ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ናሁሰናይ፣ ልጀ» አሉ፤ ለእናትህ ሳይሆን ለአንተ ነበር የሚናገሩት። «በስመ ሥላሴ እለምንሃለሁ፣ አታንከራትተን። አንተ ሞተሃል፣ እኛ እያለቀስንልህ ነው። እንዲህ ነው አይደል? አዎ በለኝና ላሳርፍህ።»

እናትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋቸው። እንደ ማዘንም፣ እንደ መራራትም አድርጓቸው፣

«ቪቼ ቬርሳ» አሉ።

ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቫይስ ቨርሳ። መምሬ እጅጉ በመስቀላቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ተርጉሚ እንጂ፣ ከእግዜር ቤት ቃል አይደበቅም።»

«ተገላቢጦሽ ነው ይላል» አልኩ።

«ምኑ ነው የተገለበጠው?»

«የሞታችሁት እናንተ ናችሁ፤ የማለቅሰው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም። ማንም አልጮኸም። አጠገቤ የቆመች ሴት የራሷን ክንድ ቆንጠጥ ስታደርግ አየኋት። ሌላው እስትንፋሱን ለማየት ይመስል የእጁ መዳፍ ላይ ተነፈሰ። ውሃው ብቻ ይወርዳል። እኔም ሻዩን አስታወስሁ፣ ገበያውን አስታወስሁ፤ እውነት እኔ ሞቼ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ይህን ሐሳብ ለአንድ አፍታ እንኳ ላሰበው ሰው ፀሐይ መልሳ እንደ ቀድሞው አትሞቀውም።

ቀድመው የተናገሩት መምሬ እጅጉ ናቸው። የቅኔ ሰው አይደሉ፣ ነገሩን ገልብጠው አዩት። «እንግዲህ አንድ ነገር ተገኘ» አሉ። «የሚያለቅስ ሰው አለ። የሚያለቅስ ደግሞ አልሞተም። አቶ ይርሳው፣ ፍትሐት የለም፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ።» ጋሽ ይርሳው መቋሚያቸውን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

እናትህ ወደ ልባቸው ሲመለሱ ምን እንዳሉ ነገርኳቸው። ምንም አልገረማቸውም። «እሱማ ክረምት ለዕረፍት ሲመጣ ከበሬዎቹ ኋላ የሚያጉረመርመው ነው። አልተር፣ አሊቢ፣ ቪቼ፤ ቅዳሴም የያዝኩት እኮ በጆሮዬ ነው» አሉኝ። እፎይ አልኩ። ሰው በልጅ ናፍቆት ታሞ የልጁን ቃል ቢያወጣ ምን ይደንቃል? «ሲኔ ዲዬስ?» አልኳቸው። «እሱን አላውቀውም፤ ከማን አፍ ወጣ?» አሉ።

ፍኖተ ሰላም እንደተመለስኩ የትምህርት ቤቱን ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አለ። ፍርድ ቤትና ምክር ቤት ስብሰባ ሲበትኑ ለሚቀጥለው ቀን ካልቆረጡ ይሉታል፤ ያለ ቀን፣ ቀጠሮ የሌለው ማለት ነው። አንተ ሰሌዳው ጥግ የጻፍካቸውን ቃላት ሁሉ የቀድሞ ተማሪዎችህን እየጠየቅሁ ሰብስቤአለሁ። ይህ የለበትም።

ገና ሰሞን ቡሬ መናኸሪያ የዱርቤቴ ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ወጣት ከባሕር ዳር አውቶቡስ ወረደ። ፊቴን አየ። ጭነቱን ለቀቀና «በስመ አብ» ብሎ ወደ ኋላው ሮጠ። እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ብቻ ያየኝን ሰው ማጣት አልፈለግሁም። ግድግዳ ጋ ደርሶ ሲቆም ማተቤን አሳየው ዘንድ ለመነኝ። አሳየሁት። የእመቤታችንን ስም ጥሪ አለኝ። ጠራሁ። ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስሜነህ ይሄ ነው።

እሱም ከዚያ አይሱዙ ላይ ነበር። ድንኳኑን አየ፣ ፎቶውን አየ፤ ሦስታችንንም በዓይን ያውቀናል፣ ቡሬ ገበያ ላይ። ከለቀስተኛው መሐል እናትህን ፈለገ፣ የሉም። እኔን ፈለገ፣ የለሁም። መኪናው አልቆመም፣ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። ሦስታችሁም አለቃችሁ ብሎ ተከዘ። መተማ ወርዶ ሰሊጥ እርሻው ላይ ሠራተኛ የምትቆጣጠር አንተን በሕይወት ሲያገኝህ ታዲያ ምን ይበል? ፎቶው ላይ ካሉት አንዱ ካለ፣ የሞቱት ሁለቱ ናቸው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። አንተም እንግዲህ ይህን ሰማህ። ስትሰወር የኖርከው እኛን ለማዳን ነበር፤ የሚጻፍለት ሰው ከሌለ ደግሞ መጻፍ ምን ያደርጋል።

ኅዳር ሚካኤል ላይ አርባችንን ስታወጣ ስሜነህ አብሮህ ነበር። ጎረቤቶችህ «የት ነው ያረፉት?» ሲሉህ በማያውቁት ቋንቋ መለስክላቸው አለኝ። አንዱን ቃል ይዞታል፣ የሱዳን ሰው ስም መስሎት። «አሊቢ አላቸው» አለኝ። ቀጥለው «እንግዲህ አገርህ መቼ ትገባለህ?» አሉህ። የመለስክላቸውን ስሜነህ ረስቶታል። አጭር ነገር ነበር አለኝ፤ ብዙ ጨቀጨቅሁት፤ አልመጣለትም። ያ ቃል ምን ነበር፣ ናሁሰናይ? በደብዳቤ አትመልስልኝ። በቀን ብርሃን፣ ከፊቴ ቆመህ ንገረኝ።

ስሜነህን ወደ እናትህ ይዤው ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ሲጨርስ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ምን ብሎ አለቀሰልኝ?» ነው። ልጁ አፈረ፣ መሬት መሬት አየ። ግድ ሲሉት ግጥምህን አለላቸው፦

ከማማው ብጠራት፣ ከማማው የለችም፣
ዝንጀሮ ሲስቅባት ወንጭፍ አላነሣችም።

«ዋሽቷል» አሉ። «ማማው ላይ ነበርኩ።» ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ ዕንባቸው መጣ፤ እኔም አብሬ።

ይህን ሰምተው ይድናሉ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ደስታው አንድ ሁለት ቀን አነሣቸውና መልሶ ጣላቸው። እኔን አሁን ሻይ ሲቀዳ አይዘሉኝም፤ ወጣት ስለሆንኩ ይሆናል፣ ወይም ስለምጮህ። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይብስባቸዋል። እናንተ ዘንድ ካህኑ ስማቸውን ከሙታን ጋር ሲጠራ መሆኑን እናውቃለን። አንተ በቸርነትህ የሰጠኸውን ስም ማንም ከዚህ ሆኖ አያስመልሰውም፤ ሰጪው ነው የሚያስመልሰው።

ብቻቸውን እንዳይሆኑ ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ አምጥቻቸዋለሁ፤ ባለፈው እሑድ ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ካህኑ ስለ ሙታን ጸሎት ሲያደርስ፣ ላረፉት ነፍሳት ሁሉ ሲል፣ እናትህ ከሴቶች በኩል ቀስ ብለው ብድግ አሉና በጠራ ድምፅ «አለሁ» አሉ። ሴት እንዲያ ባለ ሰዓት ድምፅዋን አታሰማም፤ ሕዝቡ ዞረ፣ አንድ ሁለቱ ሳቅ ጀመሩ። ካህኑ ጸሎቱን አቋርጦ ፈልጎ አያቸውና መቀጠል አቃተው። ማንም ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እናትህ እስከ መጨረሻው ቆመው ቆዩ፤ የጠራቸው ሰው እንዲያያቸው ይመስል።

አሁን የሚፈልግህ የለም። ስምህን ያነሣ የነበረው ካድሬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ጋሽ ይርሳውም ቡሬ ድረስ መጥቼ እቀበለዋለሁ፣ የሚነካው ካለ እኔን ይንካ ብለዋል። ልብሰ ሐዘንህን እዚያው አውልቀህ፣ ስማችንን ከመዝገባቸው አስወጥተህ ና። እናትህ ጻፊልኝ ያሉኝን ደግሞ አንዲት ቃል ሳልጨምር ላስፍርልህ፦

«ለቅሶዬን ከፍሎኛል፣ ስሞት ድጋሚ አያለቅስልኝም፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም። የቀረኝ መታየት ነው። ሳልሄድ መጥቶ ይየኝ።»

ጽፌ ስጨርስ ደብዳቤውን ወስደው ጣታቸውን በቀለም ነክረው ከታች አተሙበት። ጣቱን እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ የቀኙ አውራ ጣት ማጭድ የበላው ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እስኪደርቅ ድረስ ስሜነህ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ያንተው እጮኛ
አምለሰት